ቀይ ጨርቅ ለተጠባባቂ አይሰጥም

የሻለቃውን የምግብ ጠረጴዛ ለመሸከም ስምንት ሰው ያስፈልግ ነበር። አራቱ ከፊት፣ አራቱ ከኋላ ሆነው፣ እግሮቹን ወደ ሰማይ ገልብጠው በትከሻቸው እንደያዙት የዳገቱን አናት ሊረግጡ ጥቂት ሲቀራቸው ከፊታቸው ያለው መንገድ በሰው ተሞላ። የሚመጣው መደበኛው ጦር ነው። ትናንት በዚሁ መንገድ በጥሩምባና በከበሮ፣ አቧራውን ተጠባባቂዎቹ ፊት ላይ እያራገፈ ወደ ግንባር ያለፈው ያው ጦር፣ ዛሬ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ያለ ጥሩምባና ያለ ሰልፍ እየተመለሰ ነው። ግማሹ ቆብ የለውም። ጠመንጃውን የጣለ አለ፤ በካልሲ የሚሮጥም አለ።

ልብስ ሰፊው አውርዱት አለና ጠረጴዛውን መንገዱ ዳር አወረዱት።

ልብስ ሰፊው የተጠባባቂው ጦር አስር አለቃ ነበር። ዕድሜው አርባ ዘጠኝ ነው፤ ሠላሳውን ዓመት እግሩን አጣጥፎ ጨርቅ ላይ እንዳጎነበሰ ስላሳለፈው ዳገት ሲወጣ ጉልበቱ ይንቋቋል። ከጎኑ የተሸከመው ወጣት ግንበኛ የሴት ልጁ ባል ነው። ልብስ ሰፊው ይህን ጋብቻ አልወደደውም። ልጄን እንደ ሐር አሳድጌ ለኖራ ሰጠኋት እያለ ለደንበኞቹ ያማ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዝምድና ጠርቶት አያውቅም፤ «አንተ» ይለዋል፣ ሲከፋው ደግሞ «ያ ግንበኛ»። ልጁ ግን «አባባ» ማለቱን አልተወም። ዘመቻው ሲታወጅ ልጅቷ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። አባቷን ደጃፍ ላይ እጁን ይዛ፣ ብቻውን ከተመለሰ በሩን እንደማትከፍትለት ነገረችው። ቀልድ ይሁን ማስፈራሪያ አልገባውም፤ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ግንበኛውን ከዓይኑ ማራቅ አቃተው። ይህም ሌላ ንዴት ሆነበት።

ሰማንያ ሦስት ነበሩ፤ ሁሉም ከድልድዩ ወዲያ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ካለችው ከተማ። ዳቦ ጋጋሪ፣ ሰዓት ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣ አናጢ። ለአሥራ አንድ ዓመት እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሲሰለፉ፣ ሲዞሩና ሲያነጣጥሩ ኖረዋል። የሚያሰለፏቸው የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ናቸው፤ የተጠባባቂ ሻምበል። ቀጭን፣ ድምፃቸው የሚሰነጠቅ፣ ጠመኔ ከጣታቸው የማይጠፋ ሰው። ሚስቶችና አማቶች በአጥሩ ላይ ተደግፈው ይስቁባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ዞር ብለው እንኳን አያዩም።

በመንግሥት አዋጅ ተጠባባቂው ጦር የመደበኛው ጦር ወንድም ነው ተብሎ ተጽፏል። በሥራ ላይ ያ ወንድምነት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሦስት ሳምንት በቂ ነበር። የተጠባባቂ ሻምበል ለመደበኛ መቶ አለቃ ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል፤ መቶ አለቃው ደስ ካለው ይመልሳል። መደበኛው በልቶ ሲያበቃ ለተጠባባቂው ድስቱ ይቀርብለታል። የሚይዘው ጠመንጃ መደበኛው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የጣለው አንድ ጎራሽ ነው፤ ጥይት በገባበት ቁጥር መከፈት፣ በተከፈተ ቁጥር ቀለሃው በጥፍር መጎተት አለበት። ከዚህ ሌላ ተጠባባቂው ይሸከማል። የሻለቃውን ጠረጴዛ፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣ በገለባ የታሸገ ሸክላ ሳህን አራት ሣጥን፣ የመታጠቢያ ገንዳ፣ ከዚያም የወርቅ ዘርፍ ያለው ቀይ የከፋይ ጠረጴዛ ልብስ። ያ ከፋይ ብቻውን አንድ ሰው ያስጎነብሳል። ልብስ ሰፊው በመጀመሪያው ቀን በጣቱ ዳስሶት፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ መረቅ እንዲፈስበት መደረጉ ወንጀል ነው ብሎ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን የኮሌታው ነገር ነው። መደበኛው ወታደር በግራ ኮሌታው ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀይ ጨርቅ አለችው። የዚህ ጦር ምልክት እሷ ናት። ጠላት ደግሞ ጦርነቱ በተጀመረ በሳምንቱ፣ በየግድግዳው ባስለጠፈው ማስታወቂያ፣ ምልክት ሳይኖረው ጠመንጃ ይዞ የተገኘ ሁሉ ወንበዴ ነውና ያለ ፍርድ ይረሸናል ብሏል። አስተማሪው ምልክት ይሰጠን ብለው ሦስት ጊዜ ጻፉ። ለሁለቱ መልስ አልመጣም። ሦስተኛው ደብዳቤ ራሱ ተመለሰላቸው፤ የትጥቅ ኃላፊው በጀርባው ላይ «ቀይ ጨርቅ ለተጠባባቂ አይሰጥም» ብሎ ጽፎ ማኅተም አድርጎበታል። ጨርቁ አልቆ አልነበረም። መጋዘኑ ውስጥ በጥቅል እንደተቀመጠ ልብስ ሰፊው በዓይኑ አይቶታል።

ሻለቃው በግራጫ ፈረስ ሆኖ ከሸሺው መሀል ብቅ አለ። ጓንቱ ነጭ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ግርግር አንዲት ጠብታ ጭቃ አልደረሰበትም። መጀመሪያ የጠየቀው ጠረጴዛውን ማን አውርዱ እንዳላቸው ነው። አስተማሪው እግራቸውን ገጥመው ሰላምታ ሰጡ። ሻለቃው እጁን ከልጓሙ አላነሳም።

ትእዛዙን በአጭሩ ሰጠ። ዕቃውን ይዘው ይመለሱና ድልድዩን ይሻገራሉ፤ ጦሩ ተሻግሮ እስኪርቅ ድረስ ተጠባባቂዎቹ እዚያው ሆነው ጠላትን ይዘው ያቆያሉ፤ እስከ ማታ። አስተማሪው ድልድዩን ለማፍረስ ባሩድ እንዲተውላቸው ጠየቁ። የባሩዱ ጋሪ ቀድሞ ማለፉን ነገራቸው፤ ጥሩ በቅሎዎች ስለነበሩት ነው። እንግዲያው ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁንልን፣ የሰዎቼም ስም በጦሩ መዝገብ ይግባ፣ ብንማረክ ማን እንደሆንን የሚያሳይ ነገር ይኑረን አሉ።

«ወረቀት ለጦር ነው» አለ ሻለቃው። «አንተ አስተማሪ ነህ። እነዚህም ጎረቤቶችህ ናቸው።»

«ሻምበል ነኝ፣ ጌታዬ። የተጠባባቂ ሻምበል።»

«እሱን ለተማሪዎችህ ንገራቸው።» ሻለቃው ፈረሱን አዞረ። ከዚያ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው መለስ አለና፣ «ጦር ሲያልፍ በር የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ያዙት፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኳችሁም» አላቸው። «ጠረጴዛው እንዳይጫር።»

ጠረጴዛውን ተሸክመው ወረዱ።

ድልድዩ ከድንጋይ የተሠራ፣ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ነው። ከሥሩ ያለው ወንዝ ጥልቅ አይደለም፤ ዳርና ዳሩ ግን ገደል ስለሆነ መድፍና ጋሪ ሌላ መሻገሪያ የለውም። ጦሩ ተሻግሮ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ተጠባባቂዎቹ መንገድ ዳር ቆመው ያዩታል። የሸሸ ሰው አፉ እንደሚሰፋ ያን ቀን አወቁ፤ ዳቦ ጋጋሪውን ዳቦ አለህ ወይ እያሉ፣ ሰዓት ሠሪውን ስንት ሰዓት ሆነ እያሉ አላገጡባቸው። አንድ አምሳ አለቃ ብቻ ያዘነ መስሎ ሁለት ሣጥን ጥይት አስወርዶላቸው አለፈ። ሣጥኑ ሲከፈት ጥይቱ የአዲሱ ጠመንጃ ነው፤ በእነሱ አንድ ጎራሽ ውስጥ አይገባም። በየዝናራቸው ያለው አርባ አርባ ነው፤ ከዚያ ሌላ የለም።

ሻለቃው መጨረሻ አካባቢ አለፈ። ለዕቃው የሚሆን ጋሪ ፈልጎ አጣና፣ ጥቂት ተሳድቦ፣ ጠረጴዛውን ከነወንበሩና ከነሌላው ዕቃ እዚያው ድልድዩ አፍ ላይ ትቶት ሄደ።

የመጨረሻው ወታደር ከተሰወረ በኋላ አስተማሪው ሰዎቻቸውን ሰበሰቡ። ንግግር አላደረጉም። ከተማው ውስጥ ልጆችና ሽማግሌዎች እንዳሉ፣ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ኮረብታው ለመድረስ እስከ ማታ ጊዜ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ያንን ጊዜ የሚሰጣቸው ይህ ድልድይ ብቻ እንደሆነ ነገሯቸው። ለሻለቃው ብሎ እዚህ የሚቆም ካለ ሞኝ ነው አሉ። መሄድ የፈለገ ይሂድ፤ ሄዶ ግን ለከተማው ይንገር።

አሥራ ዘጠኝ ሰው ሄደ። ፊተኛው ባለ ወፍጮው ነበር፤ የተጠባባቂ መቶ አለቃ፣ በየእሑዱ ሰልፍ ላይ ሰይፉን ከሁሉ ቀድሞ የሚመዝ። ወፍጮውን ክፍት ትቶ መምጣቱን አሁን ገና አስታወሰ። ማንም አልሰደበውም፤ ለመስደብ እንኳን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ልብስ ሰፊው ግንበኛውን በክንዱ ይዞ ወደ ዳር ወሰደው። አስር አለቃ ነኝና አዝሃለሁ፣ ከእነሱ ጋር ሂድና ሚስትህን ወደ ኮረብታው አውጣት አለው። ግንበኛው ሚስቱን እናቱ እንደምታወጣት፣ ለከተማውም አሥራ ዘጠኝ መልእክተኛ እንደሚበቃ ተናገረ። ከዚያ ድልድዩን በዓይኑ እየለካ፣ «ይሄን ድልድይ ከሁለት ዓመት በፊት የጠገንኩት እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ። «የትኛው ድንጋይ እንደሚነቀል ከኔ በቀር ማን ያውቃል?»

ልብስ ሰፊው ክንዱን ለቀቀው።

ግንበኛው አሥር ሰው ይዞ የድልድዩን የጎን ግድግዳ ፈታው። ድንጋዩን በከተማው በኩል ባለው አፍ ላይ ደርድሮ፣ ደረት የሚደርስ ግንብ አቆመ። ጥድፊያ አልታየበትም፤ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጁ አገላብጦ፣ ፊቱን አይቶ ያስቀምጣል። የጎደለውን በሻለቃው ጠረጴዛ ሞላው፤ ወፍራም ዋንዛ ነበርና በጎኑ አስተኝተው ከኋላው አሸዋ ሞሉት። ሸክላ ሳህኖቹን መንገዱ ላይ ሰባበሯቸው፤ የፈረስ ኮቴ እንዲወጋ።

ልብስ ሰፊው በዚያ መሀል ከፋዩን አወጣው። አስተማሪው ሲያዩት ምን ሊሠራ እንዳሰበ ወዲያው ገባቸውና ሰዓታቸውን አዩ። አንድ ሰዓት ያህል አለህ አሉት። ጨርቁን ሣር ላይ ዘርግቶ መቀሱን ሲያሳርፍበት እጁ ትንሽ አመነታ፤ ያን የመሰለ ከፋይ አሳዝኖት ሳይሆን ሳይለካ ቆርጦ ስለማያውቅ ነው። ከዚያ ቆረጠ። ስልሳ አራት ቁራጭ። አናጢውና ሰዓት ሠሪው መርፌ መያዝ ስለሚችሉ ረዱት፤ የሁለቱም ስፌት የሚያሳፍር ነበር፤ ፈትታችሁ እንደገና ስፉ ለማለት ግን ጊዜ አልነበረም። የአስተማሪውን ራሱ ሰፋላቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ልጅ ፀጉሩን ሲቆረጥ እንደሚቆመው ቆሙለት። የግንበኛውንም ራሱ ሰፋ። ግንበኛው ስፌቱ ለምን በድርብ ክር እንደሆነ ቢጠይቀው፣ አንተ ዕቃ አትይዝም አለው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የጠላት ፈረሰኞች ደረሱ። ሠላሳ ይሆናሉ፤ እየተሳሳቁ፣ ጠመንጃቸውን ሳያወርዱ፣ ባዶ ድልድይ ለመሻገር እንደሚመጣ ሰው ነበር የመጡት። አስተማሪው እስከ ሃምሳ እርምጃ አስጠጓቸው። እሑድ እሑድ ሴቶች የሚስቁበትን ትእዛዝ በዚያው በሚሰነጠቅ ድምፃቸው ሰጡ። ስልሳ አራቱ አንድ ጎራሾች አንድ ላይ ጮኹና ጭሱ ድልድዩን ሸፈነው። ጭሱ ሲገለጥ ከሠላሳው ተመልሶ የሚሮጠው አሥራ ሁለት ነበር።

ከዚያ በኋላ እግረኛው መጣ። አራት ጊዜ መጣ፤ አራት ጊዜ ተመለሰ። ልብስ ሰፊው ኋላ ላይ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ የሚያስታውሰው ትንንሽ ነገር ነው፤ ቀለሃ በመጎተት ጥፍሩ መነቀሉን፣ ዳቦ ጋጋሪው በተኮሰ ቁጥር ይቅርታ ይል እንደነበር፣ ቆዳ ፋቂው ውሃ ስጡኝ ብሎ ውሃው ሲደርስ አለመኖሩን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጠላት መድፍ አመጣ። ሁለተኛው ጥይት የግንቡን ቀኝ ጥግ አፈረሰውና አስተማሪው ከድንጋዩ ሥር ቀሩ። ሲያወጧቸው በሕይወት ነበሩ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። ሰዓት ሠሪው ዘጠኝ ተኩል ነው አላቸው። ትንሽ ናት፣ ጨምሩ አሉና ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ግንበኛው የፈረሰውን ጥግ ተኩስ መሀል እንደገና ገነባው። ልብስ ሰፊው ከኋላው ሆኖ ሲሸፍነው፣ ሳያስበው «ዝቅ በል፣ ልጄ» አለ። ግንበኛው ሰምቶ እንደሆነ አልታወቀም፤ ዝቅ ግን አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጥይቱ አለቀ። በዚያው ሰዓት ከኋላቸው፣ ከከተማው በኩል፣ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። መጀመሪያ መደበኛው ጦር ሊረዳቸው የተመለሰ መሰላቸው፤ ዳቦ ጋጋሪውማ ቆሞ እጁን አውለበለበ። የመጡት ሌሎች የጠላት ፈረሰኞች ነበሩ፤ ታች ርቀው ፈረስ የሚሻገርበት ቦታ አግኝተው በከተማው በኩል ዞረዋል። በሁለት በኩል ተከበቡ። ከመቶ አለቃው መሄድና ከሻምበሉ መሞት በኋላ የሁሉ የበላይ አስር አለቃው ስለነበር፣ ልብስ ሰፊው ነጭ የውስጥ ሸሚዙን አውልቆ በጠመንጃው አፍ ላይ ሰቀለው። ከስልሳ አራቱ አርባ አንድ ቀርተዋል።

በግንቡ ፊት አሰለፏቸው። የጠላት አዛዥ ኮሎኔል ነው፤ ሽማግሌ፣ ጉንጩ በጥርስ ሕመም ያበጠ፣ አገጩንና አናቱን በሻሽ ጠምጥሞ ያሰረ። ቋንቋቸውን ይችላል፤ ከሕመሙ የተነሳ ግን ቃል ይቆጥባል። የሞቱበትን ሰዎች ድልድዩ ላይ በዓይኑ አለፈ። ከዚያ ወደ ኮሌታዎቹ መጣና የሰዓት ሠሪውን ቀይ ቁራጭ በጣቱ ቢነካው ግማሹ ተላቀቀ። ይሄ ዛሬ የተሰፋ ነው አለ። ልብስ ሰፊው ዛሬ መሰፋቱን አልካደም፤ የተጠባባቂ ጦር መሆናቸውን፣ ምልክት ጠይቀው መከልከላቸውን ተናገረ። ማስረጃ ተጠየቀ። ማስረጃው የትጥቅ ኃላፊው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነበር፤ እሱ ግን አስተማሪው የደረት ኪስ ውስጥ፣ ከደረታቸው ጋር ተጨፍልቆ፣ በደም ርሶ የማይነበብ ሆኗል። መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። ኮሎኔሉ የግድግዳውን ማስታወቂያ ታውቃላችሁ አለ። ከሰልፉ ፊት ለፊት አሥራ ሁለት ወታደሮች ጠመንጃቸውን ማጉረስ ጀመሩ።

ልብስ ሰፊው ወደ ግንበኛው ዞረ። ክንዱን ያዘው።

በዚህ ጊዜ ነው ከኋላ የመጡት ፈረሰኞች አራት ምርኮኞች ይዘው የቀረቡት። ከተማው ባዶ ነበር አሉ፤ ድመት እንኳን የለም፣ ሰዉ ሁሉ ኮረብታው ላይ ወጥቷል። የቀረው አንድ ሆቴል ውስጥ ሌሎች የተዉትን ምሳ በልቶ፣ ጫማውን አውልቆ ጋደም ያለ የጦር አለቃ ከሦስት መኮንኖቹ ጋር ነው። ሻለቃው ያለ ቆብ ቆሟል። ጓንቱ አሁንም ነጭ ነው።

ኮሎኔሉ ደስ አለው። የሚመሰክር ሰው ተገኘ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች የጦርህ አካል ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀው። ነገሩ አንድ ቃል ነበር። ልብስ ሰፊው የሻለቃውን ፊት ሲያይ፣ በውስጡ ምን እየተመዘነ እንደሆነ ጨርቅ እንደሚያነብ አነበበው፤ ጦሬ ናቸው ካለ፣ ጦሩን ድልድይ ላይ ትቶ የሸሸ አዛዥ መሆኑ ነው። የሻለቃው ዓይን ከፊት ፊት ሄደና ኮሌታዎቹ ላይ ቆመ። ፊቱ ቀላ።

«ተሸካሚዎቼ ናቸው» አለ። «ያም ጨርቅ የጠረጴዛዬ ልብስ ነው። ሰርቀውኝ ነው።»

ግንበኛው በአፍንጫው ሳቀ፤ ሞት ፊት የቆመ ሰው የሚስቀው ዓይነት አልነበረም፤ ገበያ ላይ የተጣመመ ምሶሶ ሊሸጡለት ሲሞክሩ የሚስቀው ነበር።

ኮሎኔሉ ሻለቃውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ድልድዩ ላይ ወደተዘረጉት ሰዎቹ ዞረ።

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሰባ ሁለት ሰው ሞቶብኛል» አለ። «ይህን ዛሬ ለጄኔራሌ እጽፋለሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ በዕቃ ተሸካሚ ተገታሁ ብዬ የምጽፍ ይመስልሃል?» ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ጦር ናቸው። እንደ ጦር ጻፋቸው።»

አሥራ ሁለቱ ወታደሮች ጠመንጃቸውን አወረዱ። ልብስ ሰፊው ግንቡን ተደገፈ። የዳኑት በእውነትም በምሕረትም እንዳልሆነ ገብቶታል፤ አንድ ጥርሱ የሚያመው ሽማግሌ ማፈር ስላልፈለገ ነው። የገዛ አገራቸው ጦር አሥራ አንድ ዓመት የከለከላቸውን ስም ጠላት በአንድ ትንፋሽ ሰጣቸው፤ ያውም ለራሱ ክብር ሲል። ቢመረውም ተቀበለው። ከተማው ባዶ ነበር የሚለውን ቃል ግን እንደ ውሃ ጠጣው።

ጸሐፊው ወጣት፣ መነጽር ያደረገ፣ በጉልበቱ ላይ ሰሌዳ አስቀምጦ የሚጽፍ ነበር። ስም፣ ሙያ፣ ማዕረግ ጠየቀ። ልብስ ሰፊው አስር አለቃ ነኝ ሲለው ቀና ብሎ፣ መደበኛ ነህ ወይስ ተጠባባቂ አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረው፤ መደበኛ ምርኮኛ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ነው የሚታሰረው፣ ተጠባባቂ ግን በረት ውስጥ ነው፤ መዝገቡን የሚያይ ስለሌለ መደበኛ ብትል ይሻልሃል።

ልብስ ሰፊው ሻለቃውን አየው። በሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ በእግሩ ጣት አፈር ይጭራል፤ ወደ እነሱ አያይም።

«ተጠባባቂ በል» አለ ልብስ ሰፊው። «በደንብ እንዲነበብ አድርገህ ጻፈው።»

ቀጥሎ ግንበኛው ነበር። ስሙን፣ ሙያውን ተናገረ፤ ከዚያ ያንኑ ቃል አለ። ዳቦ ጋጋሪው አለ። ሰዓት ሠሪው አለ፣ አናጢው አለ። ማንም አላዘዛቸውም፤ በረቱንም ሁሉም ሰምተዋል። ጸሐፊው መጀመሪያ ትከሻውን ሰበቀ፤ ኋላ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ቀና እያለ ፊታቸውን እያየ ይጽፍ ጀመር። ተራው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሻለቃው የቆመውም መጨረሻ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ያንን ቃል አርባ አንድ ጊዜ ሰማ።